ውሻችሁ ዶሮ ወጥ ቢበላ

የገና ማግስት ቡቺ ከድስቱ የተረፈውን ዶሮ ወጥ ልሶ ጨረሰው። አጥንቱን ቀድሜ ስለሰበሰብኩ አልደነገጥኩም። ጉዱ ያለው ቁሌቱ ላይ ኖሯል፦ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትም ጭምር፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራል። መብሰሉ መርዙን አያጠፋውም። ለአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ደሙን ለመጉዳት ይበቃል። ቡቺ 6 ኪሎ ነው፤ 90 ግራም ማለት ደግሞ አንድ መካከለኛ ሽንኩርት እንኳ አይሞላም። ዶሮ ወጥ ስንት ሽንኩርት እንደሚፈጅ እናቶቻችሁን ጠይቁ!

ምልክቱ የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው፤ ድካም፣ የድድ መንጣት፣ የጠቆረ ሽንት። እኔ ሂሳቡን ፈርቼ ሦስት ቀን ጠበቅኩ። በበላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ብወስደው ኖሮ ሐኪሟ አስመልሳው በትንሽ ወጪ ያልቅ ነበር። ታይሌኖል ልሰጠውም ዳድቶኝ ነበር፤ እሱም የውሻን ጉበትና ደም ይጎዳል። አድቪል ደግሞ ጨጓራና ኩላሊት።

ክሊኒክ ስገባ ይሉኝታዬን ትቼ «ያለኝ 400 ዶላር ነው፤ ዛሬ የግድ የሚያስፈልገው የትኛው ነው?» አልኩ። ሐኪሟ አልተቀየመችም። ዋጋውን በጽሑፍ ሰጠችኝ፤ የደም ቆጠራውን አስቀድማ ሌላውን አቆየችው። ደም መለገስ ደረጃ አልደረሰም ነበርና እቤት አርፎ በየሁለት ቀኑ ደሙ ብቻ እንዲታይ ተስማማን።

ኪሳችሁ ባዶ ከሆነ እዚሁ ካልጋሪ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎችን ከነእንስሶቻቸው የሚረዳ ፓራሹትስ ፎር ፔትስ የተባለ በጎ አድራጎት አለ። ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከከፈላችሁ በኋላ አይደለም።

ቡቺ ድኗል። ድስቱ አሁን ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚያድረው።