ግቢ ገብቶ ዝም ማለት



ባለፉት እሑዶች በጥናት ክፍላችን ስለ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ስንወያይ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ተነሣ። ይኸውም «ከኛ ከተማ ስንት ልጅ ገባ?» የሚለው ሳይሆን «ከገቡት ውስጥ ስንቱ ጨርሶ ወጣ?» የሚለው ነው። ከቦርደዴ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ሲኖር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናቱ ቡና ታፈላለች፤ ጎረቤቱ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ለመንገድ ይሁንህ ብሎ የአቅሙን ያዋጣል። አቋርጦ ሲመለስ ግን ወሬው በሹክሹክታ ነው። እሱ አይናገርም፤ እኛም እናፍራለን ብለን አንጠይቀውም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በዚህ ዝምታ ምክንያት ነው።

ግቢ መግባት ዛሬ ቀላል ነገር አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ሌሎች ደግሞ በዚያው በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው የሬሜዲያል ትምህርት በኩል ብዙ ደክመው ገቡ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ወንፊት ያለፈ ልጅ ትምህርቱ አቅቶት ሳይሆን የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለበት ባለማወቁ ብቻ ወደ ቤቱ ቢመለስ ጉዳቱ የእሱ ብቻ ነውን?

በጥናታችን ላይ ያነሣነው አንድ ታሪክ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ያለው ነው። ሙሴ በፈርዖን ቤት ያደገ፣ ጥበብን የተማረ፣ ባሕር የተከፈለለት ሰው ነበር። እንዲህም ሆኖ ሥራውን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞ ከጧት እስከ ማታ ሲቀመጥ ያየው አማቱ ዮቶር እንደሚደክም ነገረው፤ ሸክሙን የሚያካፍላቸውን ሰዎች እንዲሾምም መከረው። ሙሴም ሰማው። ከኛ ልጆች ብዙዎቹ ግን መጠየቅን እንደ ውርደት ይቆጥሩታል። ቆላ ያደገ ልጅ ኩሩ ነው፤ ኩራቱ መልካም ነው፤ በሬጅስትራር መስኮት ፊት ግን አይጠቅምም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ከኛ አካባቢ የሚወጣ ልጅ ወደየትኛውም የሀገሪቱ ክፍል ሊመደብ ይችላል። ቅርባችን ያሉት ግን በጭሮ ያለው ኦዳ ቡልቱም፣ ድሬዳዋና ሐረማያ ናቸው። ሐረማያ ከሁሉም አንጋፋው ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ተቋቋመ፤ በ1977 ዓ.ም. ዓለማያ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬውን ስሙን ያዘ። ከቦርደዴ በሚኤሶ፣ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በቁልቢ አድርጎ ወደዚያ የሚወጣ ልጅ በመጀመሪያ የሚያስተውለው ብርዱን ነው። ጥሪ ሲወጣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ ይዛችሁ ኑ የሚለውን መስመር የኛ ልጆች በቸልታ ያልፉታል። አትለፉት። ከዚያ ጋር የትምህርት ማስረጃ ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍም ጨምራችሁ ያዙ። ኮፒውን እዚሁ አስነሡ፤ በምዝገባ ቀን ግቢ በር ላይ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው።

ከምዝገባ በኋላ ማወቅ ያለባችሁ ሁለት ቤቶች አሉ፤ አንዱ ሬጅስትራር፣ ሌላው የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ነው። ውጤት፣ ምዝገባ፣ ኮርስ መጨመርና መቀነስ፣ ትምህርት ማቋረጥና መመለስ የሬጅስትራር ነው። መኝታ፣ ምግብ፣ ሕክምና፣ ምክር፣ ከጓደኛ ጋር አለመስማማት የዲኑ ቤት ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ስንት ልጆች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንከራተቱ ይውላሉ!

በጣም አጥብቀን የምንናገረው ግን ስለ ማቋረጥ ነው። አንድ ልጅ አባቱ ታሞበት ወይም ራሱ ታሞ፣ ወይም ገንዘብ አልቆበት ሻንጣውን ይዞ በሌሊት አውቶቡስ ይሳፈራል። ለማንም አይናገርም። ከዓመት በኋላ ልመለስ ሲል መዝገቡ ላይ «ጠፋ» ተብሎ ያገኘዋል። ያው ልጅ ከመሄዱ በፊት ሬጅስትራር ሄዶ የማቋረጫ ቅጽ ቢሞላ፣ ምክንያቱን ቢያስረዳ፣ የተረከበውን ንብረት አስረክቦ ክሊራንስ ቢይዝ፣ በቀጣዩ ዓመት በጊዜው አመልክቶ ወንበሩን የማግኘት መብት ይኖረው ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሁለት ዓመት ወይም መላ ሕይወት የሚጠፋው በዚህ ግማሽ ቀን ምክንያት ነው። በፈተና ቀን የታመመም እንዲሁ ነው። ዶርም ውስጥ ተሸፋፍኖ መተኛት ማስረጃ አይሆንም። ክሊኒክ ሄዶ የሐኪም ወረቀት ይዞ፣ በተወሰነው ቀን ውስጥ ለትምህርት ክፍሉ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ ያኔ ሌላ የፈተና ዕድል ይጠየቃል። ቀኑ ካለፈ ግን ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ዝቅ ሲልም ተስፋ መቁረጥ ይመጣል። ለመመረቅ የሚጠበቀው አማካይ 2.00 ነው። ከዚያ በታች የሆነ ልጅ እንደየዩኒቨርሲቲው ሕግ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል ወይም ይሰናበታል፤ የተሰናበተም ቢሆን እንደ ውጤቱ በድጋሚ የማመልከት መብት የሚያገኝበት አለ። ስለዚህ የተለጠፈውን ውጤት አይቶ ከማልቀስ በፊት የተማሪዎችን መመሪያ መጽሐፍ ማንበብ ይሻላል። አዲስ ተማሪ ሁሉ ስለ መመሪያው ይነገረዋል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ለእኅቶቻችን ደግሞ በሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት በኩል የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥበት፣ ለችግረኞችም ድጋፍ የሚደረግበት አሠራር አለ። የሚያስቸግራት፣ የሚያስፈራራት ሰው ካለም የምትሄደው ወደዚያው ነው። እንግሊዝኛ ያስቸገረው፣ ከኛም ውስጥ ያልተቸገረ የለም፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከልን ይጠይቅ። የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች በ2011 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ዩኒቨርሲቲው ሁኔታዎችን እንዲያመቻችላቸው መብት ተሰጥቷቸዋል፤ ሲገቡ ገና በመጀመሪያው ቀን ማሳወቅ ይገባቸዋል።

ስለ ምግብና ስለ መኝታ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። «መንግሥት በነፃ እያበላን ምን ብለን እንናገራለን?» ይላሉ። በነፃ አይደለም። ከ1996 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው፣ በኋላም በደንብ ቁጥር 154/2000 በተሻሻለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ተደንግጓል። ይህም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ ከ10 በመቶ ባላነሰ የሚከፈል ነው፤ ደመወዙ 8,000 ብር ቢሆን 800 ብር ማለት ነው። ስለሆነም በየዓመቱ የምትፈርሙት ውል የዕዳ ውል ነው። አንብባችሁ ፈርሙ፤ ኮፒውንም አስቀምጡ። በካፌው ከመመገብ ይልቅ ገንዘቡን ተቀብሎ በራስ መመገብ በሚፈቀድበት ግቢም ሒሳቡን ሠርታችሁ ወስኑ፤ በወሩ አጋማሽ ያለቀ ገንዘብ የራበውን ሰው ከሎጂክ ክፍል ያስቀራል።

በጾም ወራት የምግብና የሰዓት ጉዳይ ሲነሣ አንዳንዶች ይጣላሉ፣ አንዳንዶች ዝም ብለው ይራባሉ። ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት እንዴት እንዳደረጉ ልብ በሉ። አልጮሁም፤ ዝምም አላሉም። ወደ አለቃው ሄደው፣ ቀጥሎም ወደ አሳላፊው ሄደው፣ የ10 ቀን ሙከራ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። ዛሬም የተማሪዎች ኅብረት አለ፣ ዲን አለ፤ በአንድነትና በትሕትና የቀረበ ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ ያገኛል።

ምክር አገልግሎት የሚባለውን ክፍል ሰው ይሸሸዋል፤ የገባ ሁሉ አእምሮው የታወከ ይመስለዋል። እንቅልፍ ያጣ፣ ቤቱ የናፈቀው፣ የሱስ ጓደኛ የገጠመው ሁሉ የሚሄድበት ቤት ነው። (በኛ ሀገር ጫት በደጃችን ስለሚበቅል «ለጥናት ነው» የሚለው ምክንያት ለኛ አዲስ አይደለም፤ ግቢ ውስጥ ግን የሚመክር አባት አጠገብ የለም።) ንስሐ አባት ያለው ሰው አማካሪ አያስፈልገውም የሚሉም አሉ። እኛ እንዲህ አይመስለንም። ለካህኑ የሚነገረው ለካህኑ፣ ለሐኪሙ የሚነገረው ለሐኪሙ ይነገር፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ጽሕፈት ቤት ሁሉ ተዘግቶ ሳለ የሚቀረው ጓደኛ ነው። በ1983 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪዎች በሲዳሞ ወደ ነበረው የብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ተላኩ። እዚያ ሬጅስትራርም ሆነ ዲን አልነበረም። ከየኮሌጁ የመጡ፣ የማይተዋወቁ ልጆች በአንድ ላይ ጸለዩ፣ ተረዳዱ። በግንቦት ወር መንግሥት ሲለወጥ ገሚሱ ወደየቤቱ ተመለሰ፤ ብዙዎችም ድንበር ተሻግረው ኬንያ ደረሱ። ከዚያ የተመለሱት፣ ቀደም ሲል አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ካሠለጠኗቸው ተማሪዎች ጋር ተባብረው፣ በ1984 ዓ.ም. በሰንበት ትምህርት ቤቶች ማደራጃ ሥር ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያሉት ግቢ ጉባኤያት የዚያ ፍሬ ናቸው። ለኛ ልጅ ግቢ ጉባኤ የመዝሙርና የትምህርት ቦታ ብቻ አይደለም። ሦስተኛ ዓመት ያለ ወንድም የየትኛው ቢሮ ሠራተኛ ስንት ሰዓት እንደሚገኝ ያውቃል፤ ያለፈውን ዓመት ማስታወሻ ያውሳል፤ የታመመን ሌሊት ክሊኒክ ያደርሳል። ይህን እርዳታ ግን የኛ ለሆኑት ብቻ አናድርገው። ዶርም ውስጥ ከሙስሊም፣ ከፕሮቴስታንት ወንድም ጋር እንኖራለን፤ በቦርደዴም የኖርነው እንዲሁ ነው። ኦሮምኛም አማርኛም መቻላችን፣ ሶማልኛም የሚሰሙ ከመካከላችን መኖራቸው ትልቅ ሀብት ነው፤ ከሩቅ የመጣና ከተማው ገብቶ መግባባት ያቃተውን ልጅ አንድ ቀን ገበያ ይዞ መውጣት ከኛ ይጠበቃል።

ስለ ዕድሎች ባጭሩ፦ ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ተመራቂዎች በዩኒቨርሲቲው በረዳትነት የሚቀጠሩበት መንገድ አለ፤ የውጭ ሀገር የትምህርት ዕድል በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ ሰሌዳውን የሚያነብ ግን የተወሰነ ሰው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተጀመረው የመውጫ ፈተና 50 በመቶ ይጠይቃል፤ የአንደኛ ዓመት ደብተራችሁን አትጣሉ።

ዘንድሮ ምደባ የደረሳችሁ ሁሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጥናት ክፍል ኑ። ማን ወዴት እንደተመደበ እንጽፋለን፤ በየግቢው ካሉት ነባሮች ጋርም እናገናኛችኋለን። ነባሮቹም በየግቢያችሁ ሬጅስትራሩ፣ ክሊኒኩና የዲኑ ቢሮ የት እንዳለ፣ የማቋረጫ ቅጹም የት እንደሚገኝ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩልን፤ አባዝተን ለአዲሶቹ እንሰጣለን።