ሰው ለሌለው እስረኛ ሰው ስለ መሆን





የዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት መጻጉዕ እንደሚባል፣ በዕለቱም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጻፈው የ38 ዓመቱ በሽተኛ ታሪክ እንደሚነበብ የታወቀ ነው። ታሪኩን በጥሞና ስንመለከተው የመጠመቂያው ውኃ አልጎደለም፤ በሩም ለማንም አልተዘጋም። ለዚያ ሰው የጎደለው ውኃው በተናወጠ ጊዜ ደግፎ የሚያወርደው ሰው ነበር። እርሱ እስኪነሣ እግር ያለው ይቀድመዋል፤ እንዲህ ሆኖ ዓመቱ ይዞራል።

ማረሚያ ቤትም እንደዚያ መጠመቂያ ያለ ቦታ ነው። ምግቡ በሰልፍ፣ ሕክምናው በስም ጥሪ፣ ትእዛዙ በድምፅ፣ ማስታወቂያው በግድግዳ ላይ ነው። እግሩ የማይሄድለት ከሰልፉ መጨረሻ ይቀራል፤ መስማት የተሳነው ስሙ ሲጠራ አይሰማም፤ ዓይነ ስውሩ የተለጠፈውን አያነብም፤ የመረዳት ችግር ያለበት ደግሞ ቢሰማም ቢያይም ነገሩ አይገባውም። ማንም ሊበድላቸው ሳያስብ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በየበዓሉ ተሰብስቦ የሚሄደው ዳቦ፣ ሳሙናና ልብስም በግቢው መካከል ተቀምጦ ተራ ሲያዝ ቀድሞ የሚደርሰው ማን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የታዘዝነውን እስረኛ የመጠየቅ ሥራ ስንሠራ፣ ወደ ሰልፉ ያልመጣው ማን ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ስለሚታየው ጉዳት ብዙ መናገር አያስፈልግም። የምርኩዙ ጫፍ ጎማ አልቆ በሲሚንቶ ላይ የሚያንሸራትተውን ሰው ችግር ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ቁጢጥ ማለት ለማይችል ሰው መካከሉ የተቀደደ የእንጨት ወንበር መሥራት ለአናጢ ትንሽ ሥራ ነው፤ ሰውየውን ግን በየቀኑ ከሚደርስበት ውርደት ያድነዋል። መስማት ከተሳነው ጋር ለመነጋገር በእጅ የሚጻፈውን የአማርኛ ፊደል መማር ለወጣት ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። እርግጥ ይህ የምልክት ቋንቋን አይተካም፤ ፊደል ላልተማረ መስማት ለተሳነው ሰውም አይጠቅምም። ስለ ዓይነ ስውራን በቤተ ክርስቲያን ልጆች ፊት መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ በየጉባኤ ቤቱ ቅኔና ዜማ ያስተማሩትን ዓይነ ስውራን መምህራን እናውቃለንና። በአራተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያን ትምህርት ቤት የመራው ዓይነ ስውሩ ዲዲሞስም ከብሬል ጽሕፈት ከ1,400 ዓመታት በላይ ቀድሞ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ መማሩ ይተረክለታል።

ይልቁንም የሚያሳስበን የማይታየው ነው። በአገራችን ትምህርት ቤት ሳያይ ያደገ ብዙ ሰው ስላለ፣ አንድ እስረኛ የተሰጠውን ወረቀት ገልብጦ ቢይዝ ሁሉም «አልተማረም» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ያልተማረ ሰውና ቢማርም የማይዘልቅለት ሰው አንድ አይደሉም። የጥንት የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ልጁ ሀሁን ከላይ እስከ ታች በቃሉ ሲወርደው ስለ ሰሙ ብቻ ዐወቀ አይሉትም፤ ፊደሉ ከቦታው ተዘበራርቆ በተሠራው በአቡጊዳ ይፈትኑታል። በማረሚያ ቤትም «ገባህ?» ቢሉት «አዎ» የሚል፣ የመጨረሻዋን ቃል መልሶ የሚናገር፣ ሰው ሲስቅ የሚስቅ እስረኛ አለ። ይህ ሀሁን በቃል እንደ መውረድ ነው፤ ገብቶታል ማለት አይደለም። ከእፍረትና ከፍርሃት የተነሣ አለማወቁን የሚደብቅበት መጋረጃ ሊሆን ይችላል።

ይህም ከአእምሮ ሕመም ጋር መምታታት የለበትም። ሕመም በማንኛውም ዕድሜ ሊመጣና በሕክምና ሊሻል ይችላል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ግን ከሕፃንነት ጀምሮ ያለ ነው። ከሁለቱ አንዱን ወይም ሌላውን ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ ማስፈራራት ከእኛ አይጠበቅም። ጸሎቱና ጠበሉ ሐኪም አይከለክሉም፤ ሐኪሙም ጠበል አይከለክልም።

ለመሆኑ አለመረዳቱ ምን ያስከትልበታል? በአገራችን የወንጀል ሕግ አንድ ፍርደኛ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲፈጽም፣ የዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት ሲሞላው፣ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት በስድስት ዓመቱ ቤቱ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ሆኖም መልካም ጠባይ ማሳየቱ መረጋገጥ አለበት። እንግዲህ የማይገባውን ሰው አስቡት። ለቆጠራ ውጡ ሲባል አልወጣም፤ እስረኞች ካቦ የሚሉት የክፍሉ አለቃ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ አዝዞት አንዱን ብቻ ሠራ፤ ሲቆጡት ደንግጦ ገፈተረ። እርሱ ያልገባው ነገር በመዝገብ ላይ አልታዘዝም ባይነት ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ ከሌላው ጋር እኩል ተፈርዶበት ከሌላው ይልቅ ረዥም ጊዜ ሊታሰር ይችላል። የይቅርታ ማመልከቻ መኖሩን ሳያውቅ የሚቀረውም እንደዚሁ ነው።

ሕጉ ይህን አልዘነጋም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 እና 49 በሕመም ወይም በአእምሮ ዕድገት መዘግየት ምክንያት የሥራውን ምንነትና ውጤት ማወቅ ያልቻለ ሰው በኃላፊነቱ እንዴት እንደሚታይ ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብም ማረሚያ ቤቶች ለአካል ጉዳተኛው የሚስማማ ማስተካከያ እንዲያደርጉ ይጠይቃል። ከመቅጣታቸው በፊትም ጥፋቱ ከአእምሮ ሕመም ወይም ከዕድገት ውስንነት የመጣ እንደ ሆነ እንዲያዩ ያሳስባል። ደንቡ 27 ዓመት በእስር በቆየው በኔልሰን ማንዴላ ስም ተሰይሟል፤ ማንዴላ የተያዘው በ1954 ዓ.ም. በኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስዶ ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ እናስታውሳለን። አገራችንም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ታዲያ ሕግ ራሱ እንደዚያ ውኃ ነው፤ በፍርደኛው አጠገብ አለ፤ የሚያደርሰው ይፈልጋል።

ወጣቶች ጠበቃም ሐኪምም አይደለንም። ነገር ግን የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 እስረኛ በቤተሰቡ፣ በወዳጆቹና በሃይማኖት አማካሪው የመጎብኘት መብት እንዳለው ስለሚናገር፣ በአስተዳደሩ ፈቃድ ገብተን የምንሠራው ብዙ ነው። በመጀመሪያ ንግግራችን አጭር ይሁን። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ጉዳይ። «ገባህ?» ከማለት ይልቅ «ነገ ጠዋት ምን ታደርጋለህ?» ብለን በራሱ አፍ እንዲነግረን እንጠይቀው። ሰዓት ለማይቆጥር ሰው «ከቀኑ ስምንት ሰዓት» ከምንለው «ከምሳ በኋላ» ብንለው ይያዝለታል። የቀኑን ውሎ በካርቶን ላይ በሥዕል ሠርተን፣ ማለትም ፀሐይ ስትወጣ ቆጠራ፣ ቀጥሎ ቁርስ፣ ቀጥሎ ሥራ እያልን፣ ከመኝታው አጠገብ እንዲሰቀል ማስፈቀድ እንችላለን። የፍርድ ቤት ወረቀት ካለው ቀስ ብለን እናንብብለት፤ የይግባኝ ወይም የአመክሮ ጉዳይ ካገኘንበት ደግሞ ከራሳችን ሳንጨምር ለሚመለከተው ሠራተኛ ወይም ለጠበቃ እናሳውቅለት። በዕድሜ የበሰለውን ሰው እንደ ሕፃን ማነጋገር ነውር ነው። አባት የሚሆነንን አባባ፣ ታላቃችንን ጋሼ ብለን እንጥራው፤ የመረዳት ችግር ክብሩን አይቀንስበትምና። ወንጀሉን አንጠይቀው፤ የማንፈጽመውንም ተስፋ አንስጠው። «በሚመጣው እሑድ እመጣለሁ» የተባለ እንዲህ ያለ ሰው ከሰኞ ጀምሮ በሩን ይጠብቃል።

ሆኖም እኛ የምንገኘው በእሑድና በበዓል ነው፤ እርሱ ግን ሰባቱንም ቀን እዚያው ነው። ስለሆነም ዋናው ረዳት አብሮት የታሰረው ሰው ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው ሻነን ትረስት የተባለ ድርጅት ማንበብ የሚችለው እስረኛ ለማይችለው በየቀኑ 20 ደቂቃ ያህል ለብቻው እንዲያስተምረው ያደርጋል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በዜማ ቤት አስቀጻዩ ተማሪ ታናሹን ሲያስቀጽል እናውቃለንና። ለደብተር፣ ለእርሳስና ለመነጽር የሚሆነውን ገንዘብ ማሰባሰቡ የእኛ ድርሻ ቢሆን፣ አንድ ፈቃደኛ ፍርደኛ ደግሞ ለጎረቤቱ ፊደል ቢያስቆጥረው፣ የምግቡን ሰልፍ ቢይዝለት፣ በቆጠራ ጊዜ ትከሻውን ቢነካው፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ረዳት ነኝ ብሎ ድርሻውን የሚበላበት እንዳይሆን ግን አስተዳደሩ ሊያውቀው፣ እኛም እረዳዋለሁ የሚለውን ብቻ ሳይሆን የሚረዳውንም ለብቻው ልንጠይቀው ይገባል።

መፈታቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለሌላው በሩ ሲከፈት ደስታ ነው፤ መንገድ ለማያውቅ፣ ገንዘብ መቁጠር ለማይችል ወይም ያለ መሪ ለማይሄድ ሰው ግን በሩ ላይ ጭንቅ ይጀምራል። ስለዚህ የሚፈታበት ቀን አስቀድሞ ከማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው ተጠይቆ ይታወቅ። ከወረዳው ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ጋር በስልክ እንነጋገርና ዘመድ እንዲፈለግለት እናድርግ። በዕለቱ ሁለት ልጆች የመሳፈሪያውን ገንዘብ ይዘው ከበሩ ይጠብቁት፤ የቀበሌውንና የተቀባዩን ስም በወረቀት ጽፈው በኪሱ ይክተቱለት፤ አውቶቡስ ተራም ድረስ አብረውት ሄደው ለረዳቱ በስሙ ያስረክቡት።