ውድ ጎማ ወይስ ርካሽ? መልሱን አሮጌው ጎማ ላይ ይፈልጉ

መርካቶ ጎማ ተራ ገብቶ የቪትዝ ወይም የኮሮላ ጎማ ዋጋ የጠየቀ ሰው፣ በአንድ ዓይነት ቁጥር አንዱ ጎማ የሌላውን እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲጠራበት ይሰማል። ሻጩ «ይሄኛው ኦርጅናል፣ ያኛው ቻይና» ብሎ ነገሩን በሁለት ቃል ይዘጋዋል። ገዢውም ከኪሱ ጋር ይማከርና ወይ ውዱን ተማምኖ፣ ወይ ርካሹን እየሰጋ ይዞ ይወጣል። ውድ ጎማ ገንዘቡን የሚመልስበት መኪና አለ፤ ብር ማባከን ብቻ የሚሆንበት መኪናም አለ። የእርስዎ መኪና የትኛው እንደሆነ ከማንም በላይ የሚናገረው አሁን ከመኪናው ላይ የሚወርደው ጎማ ነው። ስለዚህ ለጎሚስታው ትተውት ከመሄድዎ በፊት ጊዜ ሰጥተው ይመልከቱት።

አሮጌው በምን አለቀ?

አራቱንም ጎማዎች አንድ በአንድ በእጅዎ ይዳብሱ። ጥርሱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ተበልቶ ከሆነ ጎማው በወጉ አገልግሎ ያለቀ ነው። እንዲህ ላለ መኪና ጥሩ ጎማ ያዋጣል፤ የከፈሉበትን ኪሎ ሜትር ሁሉ ያገኙታልና። መሃሉ ብቻ ከተበላ አየር ሲበዛበት ኖሯል። ሁለቱ ዳሮች አልቀው መሃሉ ከቀረ ደግሞ አየር ሲያንሰው ኖሯል፤ ይህን የሚያስተካክለው በየሁለት ሳምንቱ አየር ማስለካት እንጂ ውድ ጎማ አይደለም።

አንዱ ዳር ብቻ፣ በተለይ የውስጠኛው፣ ሊሾ ሆኖ ካገኙት ቆም ይበሉ። አላይመንቱ ወጥቷል፣ ወይም ከመሪና ከፊት እግር ዕቃዎች የላላ አለ ማለት ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ምርጡን ሚሽሊን ቢያስሩ እንኳ በጥቂት ወራት ዳሩ ተላጭቶ ያገኙታል። የፊት እግሩን አስቀድመው ያሠሩ፤ ጎማ ከዚያ በኋላ ይገዛል። ለጎማ ከያዙት ገንዘብ ላይ ቀንሰው ለዚህ ቢያውሉት፣ ቀሪው ርካሽ ጎማ ብቻ የሚገዛ ቢሆን እንኳ፣ አትርፈዋል።

ጎማዎችዎ ጥርሳቸው ሳያልቅ ጎናቸው እየተቀደደ ወይም እየተቆዘረ የሚጣሉ ከሆነስ? ጎን ላይ የወጣ እብጠት፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ የውስጥ ክሮቹ እንደተበጠሱ ያሳያል። ጥገና የለውም፣ ረጅም ጉዞም አይወጣበትም። የአውቶሞቢል ራዲያል ጎማ ጎኑ በተፈጥሮው ስስ ስለሆነ፣ ስለታም ድንጋይ ወይም ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ ስም ያለውንና ስም የሌለውን አይለይም። ኮብልስቶኑ በፈራረሰ ሰፈር፣ ወይም በየቀኑ ጠጠር መንገድ ላይ የሚውል ሰው መካከለኛ ዋጋ ያለውን ገዝቶ አምራቹ እስከፈቀደ ድረስ ጎኑ ከፍ ያለውን ቁጥር ቢመርጥ ይሻለዋል። ቸርኬውን አሳድጎ ጎኑ አጭር ጎማ ማሰር ለዚህ ሰው ጉዳት ነው።

በመጨረሻ ጥርሱ ሞልቶ ጎኑ የተሰነጣጠቀውን ይለዩ። ይህ በዕድሜና በፀሐይ ያለቀ ነው፤ መኪናው ከሚሄደው የሚቆመው ይበልጣል። ረጅም ዕድሜ ያለው ጥርስ መግዛት ለእንዲህ ዓይነቱ ባለቤት ትርጉም የለውም። የሚያስፈልገው በቅርብ የተመረተ ጎማ ነው።

ቁጥሩን ከበሩ ላይ ይውሰዱ

ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት የተሳሳተ ጎማ አስሮ ሊሆን ስለሚችል፣ መጠኑን ከአሮጌው ጎማ አይገልብጡ። የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ። ለምሳሌ 185/65 አር 15 88 ኤች ቢል፣ 185 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፣ አር ራዲያል መሆኑን፣ 15 የቸርኬውን ኢንች። ብዙ ሰው የሚዘለው የመጨረሻዎቹን ሁለት ምልክቶች ነው። 88 አንዱ ጎማ 560 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም ይገልጻል፤ 91 ደግሞ 615 ኪሎ ነው። ኤች የሚችለውን የፍጥነት ጣሪያ፣ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር፣ ያመለክታል። «እኔ 210 አልነዳ» ብለው አይለፉት፤ ፊደሉ ጎማው የሚቋቋመውን ሙቀትም ይነካል። ከበሩ ወረቀት ያነሰ የክብደት ቁጥር ያለው ጎማ በነፃ ቢሰጥዎ እንኳ አይውሰዱ።

ሃይሩፍና ሚኒባስ ያላችሁ ከቁጥሩ በኋላ ሲ የምትለው ፊደል መኖሯን አረጋግጡ። ለጭነት የተሠራ መሆኑን የምትናገረው እሷ ናት። ሰው የሞላ ሃይሩፍ ላይ የአውቶሞቢል ጎማ ማሰር የሰው ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ባትሪያቸው ከባድ ነው፤ ከ2,000 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑ መኪኖችም አሉ፣ ሲነሱም በኃይል ነው የሚስቡት። ኤክስኤል የሚል ምልክት ወረቀቱ ላይ ካለ ጎማውም ላይ መኖር አለበት። በእነዚህ መኪኖች ላይ ደካማ ጎማ ቶሎ ስለሚያልቅ ወደ ጥሩው ማዘንበል ተገቢ ይመስለኛል።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

ሚሽሊን፣ ብሪጅስቶን፣ ኮንቲኔንታል፣ ጉድይር፣ ፒሬሊ ከላይኛው ረድፍ የሚቆጠሩ ናቸው። ሃንኩክ፣ ኩምሆ፣ ዮኮሃማ፣ ቶዮን የመሳሰሉት በዋጋ ከእነሱ ዝቅ ይላሉ፣ ግን ጠንካራ ጎማዎች ናቸው። ከዚህ በታች ስማቸው ከዓመት ዓመት የሚለዋወጥ ብዙ ርካሽ ጎማዎች አሉ።

ተጨማሪው ገንዘብ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ጎማው ውህድና ወደ ምርምሩ ነው። ሲሊካ የሚባለው ማዕድን ከጎማው ጋር በደንብ ሲዋሃድ፣ ጎማው ቶሎ ሳያልቅ እርጥብ አስፋልት ቆንጥጦ እንዲይዝ ያደርገዋል። ውህደቱ ግን አስቸጋሪና ውድ ነው። ስለዚህ በደረቅ መንገድ በዝግታ ሲነዱ በውዱና በርካሹ መካከል ብዙ ልዩነት አይሰማዎትም፤ ልዩነቱ የሚወጣው በዝናብ ድንገት ፍሬን ሲይዙ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለጎማ ደረጃ መስጠት ሲጀምር ባወጣው መረጃ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በእርጥብ መንገድ ፍሬን ሲይዝ ከፍተኛውን ደረጃ ባገኙ አራት ጎማዎችና ዝቅተኛውን ባገኙት መካከል እስከ 18 ሜትር የመቆሚያ ልዩነት ሊኖር ይችላል። 18 ሜትር ከአራት አውቶሞቢል ርዝመት በላይ ነው።

እንግዲህ ራስዎን ይጠይቁ። ከሰኔ እስከ መስከረም በዝናብ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ ደሴ ይመላለሳሉ? የአዲስ አዳማን ፈጣን መንገድ ያዘወትራሉ? ቤተሰብ ጭነው ዓባይ በረሃን ይወርዳሉ? እንግዲያው ከሌላ ነገር ቆጥበው ጥሩ ጎማ ይግዙ። ከቦሌ ፒያሳ፣ ከፒያሳ መገናኛ ብቻ የሚሉ ከሆነና ፍጥነትዎ ከ40 የማያልፍ ከሆነ መካከለኛው ይበቃዎታል፤ በጥንቃቄ የተመረጠ ርካሽ ጎማም ቢሆን አሳፋሪ አይደለም።

ሒሳቡን እንዲህ ይሥሩ

ዋጋውን ጎማው ይሄዳል ብለው ለሚገምቱት ኪሎ ሜትር ያካፍሉ። ለስሌት ያህል ርካሹ 7,000 ብር ሆኖ 25,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በኪሎ ሜትር 28 ሳንቲም ይሆናል። ውዱ 14,000 ብር ሆኖ 55,000 ቢሄድ 25 ሳንቲም ግድም ነው፤ በዚያ ላይ ለማሰሪያና ለባላንስ ሁለቴ አይከፍሉም። አሁን ደግሞ ሁለቱም 15,000 ላይ ጎናቸው ተቀደደ እንበል። ርካሹ በኪሎ ሜትር 47 ሳንቲም ሲያስወጣ ውዱ 93 ሳንቲም ያስወጣል። አሮጌውን ጎማ አስቀድመን የመረመርነው ለዚህ ነው፤ የእርስዎ መኪና ከሁለቱ ስሌቶች የየትኛው እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው።

ሱቅ ውስጥ ምን ያነባሉ?

ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ በትንሽ ሞላላ ክበብ ውስጥ አራት አኃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 3523 ማለት የ2023 35ኛ ሳምንት ነው። አቆጣጠሩ የፈረንጅ መሆኑን ግን አይርሱ፤ በእኛ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። 1416 የሚል ጎማ አይተው «የ2016 ነው፣ አዲስ ነው» ብለው እንዳይሸወዱ፤ እሱ የተመረተው በእኛ መጋቢት መጨረሻ 2008 ዓ.ም. ነው። ያልታሰረ ጎማም መደርደሪያ ላይ ያረጃል። ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ከሦስት ዓመት በላይ የሆነውን ውድ ጎማ ትቼ የዘንድሮውን መካከለኛ እመርጣለሁ። አራቱም ላይ ቀኑን ያንብቡ፤ ከአራት አንዱ አሮጌ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ብዙ ጎማዎች ጎን ላይ ትሬድዌር፣ ትራክሽን፣ ቴምፕሬቸር የሚሉ የአሜሪካ መለኪያዎች ታትመዋል። ትሬድዌር የዕድሜ ንጽጽር ነው፤ 400 ያለው 200 ካለው በእጥፍ ይቆያል እንደማለት። ቁጥሩን የሚሰጠው ግን አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንድን ድርጅት ጎማ ከሌላው ጋር ለማወዳደር አይታመንም። ትራክሽን በእርጥብ መንገድ ፍሬን የመያዝ አቅም ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ድርብ ኤ ነው፣ ሲ ዝቅተኛው። ቴምፕሬቸር ሙቀት የመቋቋም አቅም ሲሆን ወደ አዋሽና ሰመራ ለሚወርድ ሰው ኤ ያለው ይመከራል። ትሬድዌሩ ከፍ ያለ፣ ትራክሽኑ ግን ዝቅ ያለ ርካሽ ጎማ ካጋጠመዎ ይለፉት። ድርቅ ያለ ጎማ ዕድሜው ይረዝማል፣ በክረምት ግን ይንሸራተታል።

«የጃፓን ነው» የሚለው ቃል ብዙ አይንገርዎ። ብሪጅስቶን ታይላንድና ኢንዶኔዥያ ውስጥም ይመረታል፤ የተመረተበት አገር ጎኑ ላይ ታትሟል፣ እዚያ ያንብቡት። ቸርኬው ላይ የሚቀመጠውን የውስጥ ከንፈርም በጣትዎ ይዙሩት። ቦታ ለመቆጠብ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተጠቅጥቆ የመጣ ጎማ ከንፈሩ ሊጣመም ስለሚችል አየር ያመልጠዋል። ያገለገለ ጎማ፣ በተለይ ጥርሱ በጋለ ብረት እንደገና የተቀረጸ፣ ከርካሹ አዲስ ጎማም የከፋ ነው።

ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ሲበቃ

ይህ ብዙ ሰው የሚገጥመው ነው። ጎሚስታው በቅንነት «ጋሼ፣ አዲሶቹን ፊት ላስራቸው?» ይላል፤ የሚስበውም የሚዞረውም ፊቱ ነው ብሎ። ሚሽሊንን ጨምሮ ታላላቅ አምራቾች የሚመክሩት ግን አዲሶቹ ኋላ እንዲታሰሩ ነው። የፊት ጎማ በዝናብ ሲንሸራተት መኪናው ወደፊት ይሄዳል፤ እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሱ ፍጥነቱ ቀንሶ መልሶ ይይዛል። የኋላው ከተንሸራተተ ግን መኪናው ይዞራል፤ ጣርማ በር ላይ በጭጋግ መሃል የዞረ መኪና ለመመለስ የተለየ ችሎታ ይጠይቃል። ስለዚህ «ኋላ ይሁኑልኝ» ይበሉት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ በአንድ አክስል ላይ ግራና ቀኙ የተለያየ ጎማ ፍሬን ሲይዙ መኪናውን ወደ ጎን ይስባል። በአራቱም ጎማ ዘወትር ለሚስብ መኪና ግን የሁለቱ ጥንድ መጠን መለያየት ስለሚጎዳው መመሪያ መጽሐፉን ይመልከቱ።

ሲታሰርና ከታሰረ በኋላ

አዲስ ቫልቭ ያስገቡ፣ ባላንስ ያሠሩ፣ አላይመንቱንም ያሳዩ። ቱብለስ ጎማ ውስጥ ከመነዳሪ ከተው የሚሰጡ አሉ፤ በአዲስ ጎማ ላይ እምቢ ይበሉ። አየሩን በሩ ላይ ባለው ቁጥር ያስሞሉ፣ ሲለኩም ጎማው ቀዝቅዞ፣ ጠዋት ከመነሳትዎ በፊት ይሁን። ከአዲስ አበባ ከፍታ ወደ ሰመራ ሲወርዱ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ወደ 3 ፒኤስአይ ዝቅ ብሎ ሊያነብ ይችላል፤ ሙቀቱ ደግሞ የተወሰነውን ይመልሳል። በግምት አይሂዱ፤ እዚያ አድረው ጠዋት እንደገና ይለኩ። በቀትር በረሃ መሃል ቆሞ «ጎማው ግሏል፣ ላስተንፍሰው» ማለት የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው። አየሩ ሲያንስ ጎማው ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይበልጥ ይግላል፣ የሚፈነዳውም ከዚህ የተነሳ ነው። ጥላ ሥር ቆመው በራሱ እስኪበርድ ይጠብቁት።

ከጥርሱ መካከል ወለሉ ላይ የተቀመጡ ጉብታዎችም አሉ፤ ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ከእነሱ እኩል ይሆናል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ግን 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ቢቀይሩት ይሻላል፤ ጥልቀቱ ሲያንስ ውሃው መውጫ ስለሚያጣ ጎማው ከአስፋልቱ ይነሳል። ከታሰረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ዳዶዎቹን እንደገና ያስጠብቁ፤ ትርፍ ጎማውንም አየሩን ያስለኩት።