ለቤት የጊታር አምፕሊፋየር ተጨማሪ የስፒከር ሣጥን ስንመርጥ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በሙዚቃ ክፍላችን የደረሰውን ነገር ያልሰማ ሠልጣኝ ያለ አይመስለንም። አንድ መምህራችን ማታ ማታ ቤታቸው የሚለማመዱበትን ባለ 20 ዋት የጊታር አምፕሊፋየር ለበዓሉ ዝግጅት «አደራ» ብለው አዋሱን። እኛም ድምፁ ለአዳራሹ አነሰ ብለን ከዕቃ ግምጃ ቤት አንድ አቧራ የጠጣ የስፒከር ሣጥን አወጣንና በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ሰካነው። ለሩብ ሰዓት ያህል ግሩም ነበር። ከዚያ ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ ቀጥሎም ጭጭ አለ።

መምህሩ አልተቆጡም። «ከቀዳዳው አጠገብ ምን ይላል?» ብቻ ነው ያሉን።

«4 ኦም ይላል፣ መምህር። ሣጥኑም ላይ 4 ኦም ይላል» አልን በሙሉ ልብ።

«እንግዲያው ለምን እንደተቃጠለ አስሉና በግድግዳ ጋዜጣችሁ ላይ ጻፉት» አሉ።

የጥገናውን ገንዘብ ከየኪሳችን አዋጥተን ከፍለናል። ይህ ጽሑፍ የቀረው ዕዳ ነው። መምህሩ ደግሞ ለቤታቸው የሚሆን ተጨማሪ ሣጥን ከድሮም ይፈልጉ ስለነበር፣ እሱንም አጥንተን እንድንመርጥላቸው ፈቅደውልናል። ከዚያ ሁሉ በኋላ እኛን ማመናቸው ራሱ ያስገርመናል።

ወደ ስሌቱ እንግባ። ስሌቱ ማናችንም በተማሪነታችን የሠራነው ነው፤ የሚያሳፍረንም ይኸው ነው። አምፕሊፋየሩ በሆዱ ውስጥ የራሱ ባለ 8 ኦም ስፒከር አለው። ከጀርባው ያለው ቀዳዳ ይህን ስፒከር አያጠፋውም፤ አዲሱን ሣጥን ከነባሩ ጎን ለጎን፣ ማለትም በፓራለል ያያይዘዋል። በፓራለል የተያያዙ የሁለት ስፒከሮች ጠቅላላ ኦም ከትንሹም ያንሳል። የሚገኘውም ብዜታቸውን ለድምራቸው በማካፈል ነው። 8 በ4 ሲባዛ 32፤ 8 እና 4 ሲደመሩ 12፤ 32 ለ12 ሲካፈል 2.67 ኦም ገደማ። እንግዲህ «4 ኦም» የሚለው ጽሑፍ አምፕሊፋየሩ በጠቅላላው ሊሸከም የሚችለው ዝቅተኛ ልክ ነበር። እኛ ግን የሚሰካው ሣጥን ልክ መሰለን።

«ታዲያ ኦሙ ቢያንስ ምን ችግር አለው? ማነስ ማለት መቅለል አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኛም ብለነው ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ኦም ስፒከሩ በኮረንቲው ላይ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው። ተቃውሞው ባነሰ ቁጥር ከአምፕሊፋየሩ የሚፈሰው ኮረንቲ ይበዛል። 20 ዋት በ8 ኦም ላይ ለማውጣት 12.6 ቮልት ያህል ያስፈልጋል፤ የሚፈሰውም ኮረንቲ 1.6 አምፔር ገደማ ነው። ያው 12.6 ቮልት በ2.67 ኦም ላይ ሲያርፍ ኮረንቲው ወደ 4.7 አምፔር ይወጣል፤ የሚጠየቀውም ኃይል 60 ዋት ይጠጋል። የሦስት አህያ ጭነት በአንዲት አህያ ጀርባ ላይ ጭነን «ሂጂ» አልናት ማለት ነው። ትራንዚስተሮቹ ሩብ ሰዓት መታገሣቸውም ደግ ሆነው ነው።

ስለዚህ ሣጥን ገዢ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ስንት ዋት?» ብሎ አይደለም፤ «ስንት ኢንች?» ብሎም አይደለም። ከሱቁ በፊት የራሱን አምፕሊፋየር ጀርባ ማንበብ አለበት። ማወቅ የሚገባው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ውስጥ ያለው ስፒከር ስንት ኦም ነው? አምፕሊፋየሩስ በጠቅላላ እስከ ስንት ኦም ዝቅ ሊል ይችላል? ሁለተኛ፣ ቀዳዳው የውስጡን ስፒከር አጥፍቶ በውጭው ይተካል ወይስ ሁለቱን አብሮ ያሠራል? ተክቶ የሚያሠራ ከሆነ 4 ኦም ሣጥን ዝቅተኛ ልኩ 4 ኦም ለሆነ አምፕሊፋየር ደህና ነው። አብሮ የሚያሠራ ከሆነ ግን የኛ ዕጣ ይደርሳል። የአምፕሊፋየሩ መመሪያ ወረቀት ከጠፋ፣ ስለ ኦሙ ሥጋት የሌለበትን ሣጥን፣ ለምሳሌ 16 ኦም የሆነውን ሰክቶ በዝቅተኛ ድምፅ የውስጡ ዝም ማለት አለማለቱን ማዳመጥ ይቻላል። ይህ የሚሠራው ለትራንዚስተር አምፕሊፋየር ነው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነገር ስለሆነ ስፒከር አይሰካበትም።

ለመምህራችን አምፕሊፋየር የሚስማማው እንግዲህ ባለ 8 ኦም ሣጥን ነው። 8 በ8 ሲባዛ 64፤ ለ16 ሲካፈል ልክ 4 ኦም። ሁለቱ ስፒከሮችም ኃይሉን እኩል ይካፈላሉ። 16 ኦም ቢሆን ጠቅላላው 5.33 ስለሚሆን አደጋ የለውም፤ ነገር ግን የውጭው ሣጥን የሚያገኘው ኃይል የውስጡን ግማሽ ብቻ ነው። ገንዘብ አውጥቶ ገዝቶ ከነባሩ ያነሰ የሚናገር ሣጥን ማን ይፈልጋል?

በቫልቭ ስለሚሠሩት አምፕሊፋየሮች ጥቂት እንጨምር፤ እዚህ ማሠልጠኛ ባይኖሩም ሠልጣኞች ወደፊት ሊገጥሟቸው ይችላሉና። የቫልቭ አምፕሊፋየር በመውጫው ላይ ትራንስፎርመር አለው። ብዙዎቹም 4፣ 8 ወይም 16 ኦም የሚመርጡበት ቀዳዳ ወይም ማዞሪያ ስላላቸው ልኩን ከጠቅላላው ኦም ጋር ማገናኘት ይገባል። ለምሳሌ ፌንደር በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዴሉክስ ሪቨርብ 22 ዋት ሲሆን፣ አንድ ባለ 12 ኢንች 8 ኦም ስፒከርና ለተጨማሪ ሣጥን የሚሆን ቀዳዳ አለው፤ የሚሰካውም ሣጥን በፓራለል ነው የሚገባው። የቫልቭ አምፕሊፋየር ስፒከር ሳይሰካበት ከተጫወቱበት የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊበላሽ ይችላል። የትራንዚስተሩ ጠላት ከልክ በታች የሆነ ኦም ነው፤ የቫልቩ ጠላት ባዶ ቀዳዳ ነው። ይህን ማምታታት ውድ ነው።

ኦሙ ከተወሰነ በኋላ ዋቱ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስፒከር ላይ የተጻፈው ዋት ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚችለው ነው፤ የሚያወጣው ድምፅ መጠን አይደለም። ባለ 100 ዋት ስፒከር ከባለ 30 ዋቱ የግድ አይጮህም። የኛው ስፒከር በከፋ ቢመጣ የሚደርሰው 20 ዋት ያህል ነው። ሆኖም አምፕሊፋየር እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ዲስቶርሽን ሲሠራ ከተጻፈበት ዋት እስከ እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል 40 ዋትና ከዚያ በላይ የሆነ ስፒከር መያዝ ልብን ያሳርፋል።

የድምፁን መጠን የሚነግረን ሌላ ቁጥር ነው፤ ሻጩ ሳይጠየቅ አይናገረውም። በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ይሰጣል? ይህ ነው ጥያቄው። በጊታር ተጫዋቾች ዘንድ ስመ ጥር ከሆኑት የሴሌስሽን ስፒከሮች መካከል ጂ12ኤም ግሪንባክ የተባለው 25 ዋት ይችላል፤ የሚሰጠውም 98 ዴሲቤል ነው። ቪንቴጅ 30 ደግሞ 60 ዋት ይችላል፤ 100 ዴሲቤልም ይሰጣል። ብሉ የተባለው የሚችለው 15 ዋት ብቻ ሲሆን እሱም 100 ዴሲቤል ይሰጣል። 15 ዋቱ ባለ 25 ዋቱን በድምፅ ይበልጠዋል ማለት ነው! የ3 ዴሲቤል ልዩነት የአምፕሊፋየርን ኃይል እጥፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው። በአንፃሩ ለጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» የሚያሰኘው ወደ 10 ዴሲቤል ነው፤ ይህን በዋት ብቻ ለማግኘት ከ20 ወደ 200 መዝለል ያስፈልጋል። እኛ በአዳራሹ ያንን ሣጥን የጨመርነው ይህን ሳናውቅ ነው። ሳይቃጠል ቢውል እንኳ የተመኘነውን ያህል አይጮህም ነበር።

ታዲያ ለቤት ተጨማሪ ሣጥን ምን ይጠቅማል? ጩኸት ሳይሆን ወርድ ነው የሚጨምረው። ትንንሽ የቤት አምፕሊፋየሮች ባለ 6 ወይም ባለ 8 ኢንች ስፒከር በጠባብ ሣጥን ውስጥ ስለሚይዙ ወፍራሙ ክር ቀጥኖ ይሰማል። የጊታር ስድስተኛው ክር ክፍቱን ሲመታ በሴኮንድ ወደ 82 ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህን በወጉ ለመግፋት የሰፋ የስፒከር ወረቀት ያስፈልጋል። ባለ 12 ኢንች ሣጥን ሲጨመር በዝቅተኛ ድምፅም ቢሆን ጊታሩ ሥጋ ያገኛል። ጎረቤትም አይነቃም።

ከሣጥኑ ጀርባ ክፍትና ዝግ መሆን የሚመጣው ለውጥም ቀላል አይደለም። ጀርባው ክፍት ሲሆን ድምፁ በፊትም በኋላም ይወጣል፤ ከግድግዳ ተመልሶ ክፍሉን ይሞላል፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን የፊቱና የኋላው እየተጣፋ በመጠኑ ይሳሳል። የዝግ ሣጥን ባስ ጠበቅ ያለ ነው፤ ድምፁም ወደ ፊት ያነጣጥራል። በመድረክ የሚታዩት ማርሻል የተባሉት ባለ አራት ስፒከር ሣጥኖች ዝግ ናቸው፤ ቮክስ ኤሲ30 ክፍት ነው። ለአንድ መኝታ ክፍል እኛ የምንመርጠው ክፍቱን ነው፤ ከግድግዳ ግን አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። ባለ አራት ስፒከሩን ለቤት የሚያስብ ካለ አልጋውን የት እንደሚያደርገው አስቀድሞ ይወስን።

«የቴፕ ሣጥን ቢሰካስ?» ብለው የጠየቁን አሉ። የጊታር ስፒከር በተፈጥሮው ከ5,000 ኸርዝ አካባቢ በላይ ያለውን ድምፅ ይቀንሳል፤ የዲስቶርሽንን ሸካራነት የሚያለዝበውም ይኸው ነው። የቴፕ ሣጥን ትንሿን የቅጥን ድምፅ ስፒከር ስለሚጨምር ጊታሩ እንደ ዝንብ ይጮኻል፤ ትንሿም ስፒከር ቶሎ ትቃጠላለች። ባይሆን ይሻላል።

ስለ ገመዱ ደግሞ አንድ ነገር። ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ የሚያገናኘው ገመድና የስፒከሩ ገመድ ጫፋቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ይምታታሉ። የጊታሩ ገመድ ውስጡ ቀጭን ነው፤ የስፒከር ኮረንቲ ሲያልፍበት ሊግልና ሊገናኝ ይችላል። ለስፒከር ሁለት ወፍራም ሽቦ ያለው ገመድ ነው የሚያስፈልገው። የእኛ የዚያን ዕለት ገመድ የትኛው እንደነበረ ባንናገር ይሻላል።

ለክፍል ትምህርት የሚሆኑ ሁለት ሙከራዎች እነሆ። ምንም ያልተጻፈበት ስፒከር ሲገኝ፣ ከአምፕሊፋየር ነቅሎ በቴስተር መለካት ነው። ባለ 8 ኦሙ ከ6 እስከ 7 ያነብባል፤ ባለ 4 ኦሙ ከ3 ትንሽ ከፍ ይላል። ቴስተሩ የሚለካው የጥቅል ሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ስለሆነ ከተጻፈው ማነሱ አያስደንግጥ። ሁለተኛው ሙከራ ሲታይ ደስ ይላል። ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ በሁለት ሽቦ ለቅጽበት ስፒከሩን ስናስነካው ወረቀቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይዘላል። የድንጋዩ ፖዘቲቭ በስፒከሩ ፖዘቲቭ ላይ ሲነካ ወደ ፊት መውጣት አለበት። የውስጡና የውጭው ስፒከር አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚገባ ከሆነ ወፍራሙ ድምፅ ይጣፋል፤ ተማሪው በጆሮው ሰምቶ፣ በዓይኑም ዐይቶ ይረዳዋል። ሽቦዎቹን ማገላበጥ ብቻ ይበቃል።

የወሰንነው እንዲህ ነው። አንድ ባለ 12 ኢንች፣ 8 ኦም፣ ከ40 ዋት ያላነሰና ከ97 ዴሲቤል ያላነሰ የጊታር ስፒከር ይገዛል። ሣጥኑን እኛው በእጅ ሥራ ክፍል እየሠራነው ነው። እንጨቱ የ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው፤ ቺፕውድ ርካሽ ቢሆንም ብሎን ሲነቀልና ሲታሰር ይፈረፈራል። የስፒከሩ ቀዳዳ 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ጀርባው በከፊል ክፍት ነው። ከሶኬቱ አጠገብ «ይህ ሣጥን 8 ኦም ነው፤ ከውስጡ 8 ኦም ጋር 4 ይሆናል» ተብሎ በቀለም ይጻፍበታል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሙዚቃ ክፍል ይሞከራል። መሰኪያውን የሚሰኩት መምህሩ ራሳቸው ናቸው።