ኩላችን ውስጥ ያለው ድንጋይ

 

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ገላችሁን ታጥባችሁ፣ ሽቶ ተቀብታችሁ፣ ምናልባትም ኩል ተኩላችሁ ይሆናል። ለመሆኑ ያ ጥቁር ዱቄት ከምን እንደተሠራ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ብዙ ባህላዊ ኩሎች የሚፈጩት ጋሌና ከሚባል ማዕድን ነው። ጋሌና የእርሳስና የድኝ ውህድ ሲሆን፣ ከክብደቱ 86 በመቶ ያህሉ እርሳስ ነው። ከመሬት በታች ማዕድን ያዘለ ትኩስ ውሃ በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ሲያልፍ፣ ሲቀዘቅዝም የተሸከመውን እዚያው ሲያስቀር ይፈጠራል። አዲስ ስባሪው እንደ ብረት ያብረቀርቃል። ከውሃ 7 ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል፤ ግን ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይደቅቃል። የጥንት ግብፆችም ይኳሉት ነበር።

አላህ በከንቱ የፈጠረው ነገር የለም። የዓለም እርሳስ ዋና ምንጭ ጋሌና ነው። የመኪና ባትሪ የሚሠራው፣ በራጅ ክፍል ጨረር የሚከለከለው በእርሳስ ነው። ብዙ ጊዜም ከጋሌና ውስጥ ብር ይወጣል። ቦታው ግን የልጆቻችን ዓይን አይደለም።

ሕፃን ዓይኑን ያሻል፤ ያንኑ ጣቱን ወደ አፉ ያስገባል። እርሳሱ ከሆድ ወደ ደም ይገባል፤ የአንጎሉንም እድገት ይጎዳል። ጉዳቱ ቶሎ በዓይን አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ከእርጉዝ እናትም ወደ ፅንሱ ያልፋል።

«ኢስሚድ ሱና አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። በሐዲስ የተወደሰው ኢስሚድ ነው፤ ብዙዎች የሚተረጉሙትም አንቲሞኒ በሚባለው ሌላ ማዕድን ነው። ሁለቱ ሲፈጩ ግን ቀለማቸው ስለሚመሳሰል በዓይን አይለዩም፤ የሚለያቸው የላብራቶሪ ምርመራ ነው። ብልቃጡ ላይ «ኢስሚድ» ተብሎ መጻፉ ማስረጃ አይሆንም። ሱናውን መውደድ አንድ ነገር ነው፤ ነጋዴው የሸጠልን ዱቄት ደግሞ ሌላ።

አያት አራሱን ልጅ የምትኩለው በፍቅር ነው። በፍቅር የተደረገ ነገር ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ስለዚህ ምንነቱን የማታውቁትን ኩል ለልጅ አትኳሉ። ከዚህ በፊት የተኳለ ልጅ ካላችሁ፣ ለሐኪም ነግራችሁ ደሙ ውስጥ እርሳስ መኖሩን አስመርምሩ። ለእናቶቻችንም በአክብሮት አስረዷቸው።

ልጆቻችን አማና ናቸው። አላህ ጠቃሚውን ከጎጂው የምንለይበት ዕውቀት ይስጠን። አሚን።