ስልካችን የተሳሳተውን መልእክት እንዴት ያቃናዋል?



የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምንመርጥበት ወቅት ሲደርስ «ዶክትሬትና ምርምር ለውጭ አገር ሰው ነው» የምንል ብዙዎች ነን። ዛሬ በወረቀትና በእስክሪብቶ ልንሞክረው የምንችል አንድ የምርምር ጉዳይ እናንሳ፤ ዙር በዙር እየተደጋገሙ ስሕተት የሚያርሙ አልጎሪዝሞችን። («አልጎሪዝም» የሚለው ቃል ራሱ ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም የመጣ ነው። እንኮራበታለን፤ ኩራቱ ግን ፈተና አያሳልፍም።)

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በታክሲ ስንሄድ ስልካችን የሚደርሰው ሞገድ ከሕንፃና ከቆርቆሮ እየነጠረ፣ በሌላ ሞገድ እየተረበሸ ነው። ስለዚህ ላኪው ከመረጃው ጋር ማመሳከሪያ ቢቶችን ይጨምራል። ተቀባዩም ወዲያው 0 ወይም 1 ብሎ አይፈርድም፤ እርግጠኝነቱን በቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ ፖዘቲቭ ከሆነ ወደ 0፣ ኔጋቲቭ ከሆነ ወደ 1 ያደላል።

ሦስት ቢቶች እንውሰድ፤ ሕጉ «የ1ዎች ብዛት ተጋማሽ ቁጥር ይሁን» የሚል ነው። የተላከው 0፣ 0፣ 0 ሲሆን የደረሰን +4፣ +3 እና −0.5 ነው። ሦስተኛው ተሳስቷል። ሁለቱ «እኛ 0 ከሆንን አንተም 0 ነህ» ይሉታል፤ የቃላቸው ጥንካሬ የደካማውን ያህል፣ ማለትም 3 ነው። −0.5 ላይ 3 ሲደመር +2.5፤ ስሕተቱ ተቃና። በእውነተኛ ኮድ አንድ ቢት በብዙ ሕጎች ውስጥ ስለሚገባ ልውውጡ ይደጋገማል።

ለሦስተኛው ቢት መልስ ስንሰጥ የራሱን ቃል እንዳላስገባን ልብ በሉ። ሐዲስ የተማርን እናውቀዋለን፦ ሁለት ሰነዶች የሚደጋገፉት በየራሳቸው መንገድ ሲመጡ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ደካማ ራዊ ከተነሡ ብዛታቸው ምንም አይጨምርም። በቢቶቹ ትስስር ውስጥ አጭር ዑደት ካለም የራሳችን ግምት ዞሮ አዲስ ማስረጃ መስሎ ይመጣል፤ ስልኩ በስሕተቱ ላይ እርግጠኛ ይሆናል።

ይህን መንገድ ሮበርት ጋላገር በ1960 እ.ኤ.አ. በኤም.አይ.ቲ. የዶክትሬት ጥናቱ አቀረበ። የዘመኑ ኮምፒውተር አልቻለውም፤ 30 ዓመት ያህል ተረስቶ ቆየ። በ1993 እነ ክሎድ ቤሩ ቱርቦ ኮድን ካስተዋወቁ በኋላ ዴቪድ ማኬይና ራድፎርድ ኒል የጋላገርን ሥራ እንደገና አነሡት። በ4ጂ መረጃችንን የሚጠብቀው ቱርቦ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙከራውን በጀመረው 5ጂ ደግሞ ቦታውን የያዘው የጋላገር ኮድ፣ ኤልዲፒሲ፣ ነው።

ታዲያ ምን ቀረ? «የደካማውን ያህል» ያልነው አቋራጭ ያጋንናል። ትክክለኛው ስሌት ለምሳሌያችን 3 ሳይሆን 2.7 ገደማ ይሰጣል። 3ን በ0.9 ማባዛት እዚህ ያስተካክለዋል፤ ቁጥሩ ግን እንደ ኮዱና እንደ ረብሻው ይለያያል። ትክክለኛውን ማግኘት ዙሮችን ይቀንሳል፣ ባትሪም ይቆጥባል። ተመራማሪዎች ዛሬም የሚሠሩበት ነው፤ ለመጀመርም ላፕቶፕና ፓይተን ይበቃሉ።

እስከዚያው −0.5ን በ−3.5 ተክታችሁ አንድ ዙር አስሉት። +1፣ −0.5፣ −0.5 ይመጣል፤ ማለትም 0፣ 1፣ 1። ሕጉ ተሟልቷል፣ መልሱ ግን ስሕተት ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቢት የሚለያይ ሌላ ሕግ ጨምሩና እንደገና ሞክሩት።