የኤምባሲ ሰው ቢተኩስ ማን ይጠይቀዋል?

አዲስ ቃላት
ኤምባሲ፦ አንድ አገር በሌላ አገር የሚከፍተው መሥሪያ ቤት።
ዲፕሎማት፦ አገሩን ወክሎ በኤምባሲ የሚሠራ መልእክተኛ።
ያለመከሰስ መብት፦ መልእክተኛው በተላከበት አገር እንዳይታሰርና እንዳይከሰስ የሚጠብቀው መብት።

ከአንጋጫ፣ ከዱራሜና ከሆሳዕና ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ሄደው ይሠራሉ። ፓስፖርት ለማሳደስ ወይም አቤት ለማለት የሚሄዱት ወደ አገራቸው ኤምባሲ ነው። ስለዚህ የኤምባሲ ነገር ከገበሬው ቤት የራቀ አይደለም። ታዲያ አቤት በሚል ሰው ላይ ከዚያው ቤት ጥይት ቢተኮስ ማን ይጠየቃል?

ይህ በእውነት የደረሰ ነገር ነው። መስከረም 19 ቀን 2007 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መንግሥትን ለመቃወም ዋሽንግተን ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሄዱ። ግቢ ገብተው ባንዲራውን አውርደው ሌላ ሰቀሉ። በዚህ መካከል አንድ የኤምባሲው ሰው ሽጉጥ መዝዞ ተኮሰ። ደግነቱ ማንም አልቆሰለም። የአሜሪካ ጸጥታ አስከባሪዎች ሰውየውን ያዙት። የአሜሪካ መንግሥትም በፍርድ ቤት እንዲጠየቅ «ያለመከሰስ መብቱን አንሡልን» ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ጠየቀ። የኢትዮጵያ መንግሥት አልፈቀደም። ሰውየውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአሜሪካ ወጣ።

«ግቢ መግባታቸውስ ጥፋት አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይሁን፣ ጥፋት ነው እንበል። ለዚያ ፖሊስ ይጠራል፤ ሽጉጥ አይመዘዝም።

በሎንዶን የደረሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1976 ዓ.ም. ሊቢያውያን ጋዳፊን በመቃወም በአደባባይ ቆመው ሳለ ከሊቢያ ኤምባሲ ውስጥ ተተኮሰባቸው። 11 ሰዎች ቆሰሉ። ሰልፉን ትጠብቅ የነበረችው የ25 ዓመቷ ፖሊስ ኢቮን ፍሌቸር ሞተች። በኤምባሲው የነበሩት ሰዎች ግን ሳይከሰሱ ወደ አገራቸው ተሸኙ። እንግሊዝም ከሊቢያ ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። የሊቢያ መንግሥት ኃላፊነቱን አምኖ ለቤተሰቧ ካሳ ለመክፈል የተስማማው በ1991 ዓ.ም. ነው።

እንዲህ ከሆነ መብቱ ለምን ተሰጠ? ሁለት ጎሣዎች ተጣልተው አንዱ ሽማግሌ ልኮ ሌላው ሽማግሌዎቹን ቢያስር፣ ከዚያ ወዲያ ለእርቅ የሚሄድ ይገኛል? አይገኝም። በአገሮችም መካከል እንዲሁ ነው። ስለዚህ በ1953 ዓ.ም. በቪየና ከተማ መንግሥታት ተስማምተው ይህንን ሕግ ጻፉ። ኢትዮጵያም ስምምነቱን ተቀብላለች።

እንግዲህ ዋናውን ነገር እንያዝ። መብቱ የሰውየው የግል ሀብት አይደለም፤ የላኪው አገር ነው። ጥፋትንም አያጥብም። መጠየቂያው መንገድ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ላኪው መንግሥት መብቱን ሊያነሣ ይችላል። በ1989 ዓ.ም. አንድ የጆርጂያ ዲፕሎማት በዋሽንግተን በመኪና አንዲት ልጅ ገደለ። ጆርጂያ መብቱን አነሣች፤ ሰውየውም በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ታሰረ።

ሁለተኛ፣ ተቀባዩ አገር ዲፕሎማቱን «አንፈልግህም፣ ውጣ» ሊለው ይችላል።

ሦስተኛ፣ የገዛ አገሩ ፍርድ ቤት ሊከሰው ይችላል። የቪየናው ስምምነት ዲፕሎማቱ ከአገሩ ሕግ እንደማያመልጥ በግልጽ ይናገራል።

ከሦስቱ ሁለቱ በላኪው አገር እጅ ናቸው። ስለዚህ «የኛ ሰው ነው» ብሎ መሸፈን ሕጉ ያዘዘው ሳይሆን መንግሥት የመረጠው ነገር ነው። መልእክተኛውን የላከው በሕዝብ ስም ነው፤ ሕዝቡም «የላካችሁት ሰው ተኩሷል፣ ምን አደረጋችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው የሚፈስ ውኃም ይቆማል ይባላል። የኤምባሲ ሰውም ሊቆም ይገባዋል እንላለን።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ያለመከሰስ መብት ለምን ተሰጠ?
2. መብቱን ማንሣት የሚችለው ማን ነው?
3. በሥልጣኑ ተከልሎ ሰው የሚበድል በቀበሌያችሁ ቢኖር፣ የት ሄዳችሁ አቤት ትላላችሁ?